ማኅተም ያረፈበት መዝሙር

ሶዶ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ወፍጮ ቤት ሠርቻለሁ። ወፍጮው የእኔ አልነበረም፤ አባቱ ከስልጤ የመጣ የአንድ ነጋዴ ነው። እኔ ሞተሩን አስነሳለሁ፣ እህሉን እቀበላለሁ፣ ድንጋዩ ሲለሰልስ አውርጄ እወቅራለሁ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ እሱም ቢሆን ግማሹን የተማርኩት ጎልምሼ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ስሜን ስጽፍ ቀስ እላለሁ እንጂ አልሳሳትም።

ወፍጮ ቤት መዝሙር ለሚወድ ሰው የተመቸ ቦታ ነው። ሞተሩ ሲጮህ አጠገብህ የቆመችው ሴት እንኳ አትሰማህም። እንደ ልብህ ትዘምራለህ፣ ትሳሳታለህ፣ ደግሞ ከመጀመሪያው ትጀምራለህ። እኔ የተቀበልኳቸው መዝሙሮች ሁሉ በዚያ ጩኸት ውስጥ የመጡ ናቸው፤ አንዱ ብቻ ሲቀር። እሱ የመጣው ሞተሩ ዝም ባለበት ጊዜ ነው።

የተቀበልኳቸው የምለው ልማዳችን ስለሆነ ነው። በእኛ ቤተክርስቲያን መዝሙር ጻፍኩ፣ ደረስኩ የሚል ሰው የለም። አዲስ መዝሙር የመጣለት ሰው እሑድ ፊት ይወጣና፣ "ይህ የእኔ አይደለም፤ ጌታ የሰጠኝ ነው" ብሎ መስክሮ ነው የሚዘምረው። ሳይመሰክር የዘመረ እንደሆነ ሰዎች ሲወጡ በር ላይ ይንሾካሾካሉ፤ ክብሩን ለራሱ ፈለገ ይባላል። እኔም በዚያ ነው ያደግሁት። ማስመሰል አይደለም፣ እውነት ነው የምለው። ከየት እንደመጣ የማታውቀውን ነገር እንዴት የእኔ ትላለህ?

መንግሥት ተለውጦ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ ዝናቡ ጊዜውን ያሳተበት ዓመት ነበር። የእኛ አገር ረሃብ ለእንግዳ አይታይም፤ ኮረብታው አረንጓዴ ነው፣ ዛፉ አረንጓዴ ነው፣ ቤት ውስጥ ግን የሚበላ የለም። ሰው ያልደረሰ እንሰት እየነቀለ በላ። ወፍጮ ቤት እህል ይዞ የሚመጣ ጠፋ፤ ሞተሩም ለቀናት ሳይነሳ ዋለ። እኔ ግን ሌላ የምሄድበት ስለሌለኝ ጠዋት ጠዋት እከፍታለሁ፤ የሚፈጭ ሳይኖር ድንጋዩን አውርጄ እወቅራለሁ። አንድ ቀን እንደዚያ ስወቅር መዝሙሩ መጣ። በወላይትኛ ነው። ወደ አማርኛ ሲመለስ እንዲህ ማለት ነው፦ ድንጋዩ ባዶውን ቆሟል፣ ቋቱም ባዶ ነው፣ ጎረቤቴም ባዶ ቁና ይዞ ተመለሰ፤ አንተ ግን ባዶ አይደለህም።

ቀትር ላይ ሚስቴ ሁለት ፍሬ የተቀቀለ ጎዳሬ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ መጣች። ዘመርኩላት። ጎዳሬውን ድንጋዩ ላይ አስቀመጠችና፣

"ድገመው" አለችኝ።

ደገምኩት።

"ቋቱ የሚለው ላይ ትንፋሽህ ያልቃል" አለች።

"ርቦኝ ነው።"

"ርቦህ አይደለም፣ ድሮም ዜማው ከፍ ሲል ያልቅብሃል። ዝም በል፣ እሱን እኔ እይዘዋለሁ።"

ያን ጊዜ ሁለተኛውን መስመር ብቻዋን ያዘች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለሷ ዘምሬው አላውቅም። እሑድ ፊት ወጥቼ እንደ ልማዱ መሰከርኩ፤ ከዚያም ሁለታችን ዘመርን።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ የአጥቢያችን ኳየር ካሴት ይቅዳ ተባለ። የተቀዳው እዚያው ቤተክርስቲያኑ ውስጥ ነው። የተዋሰነውን ቴፕ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥን፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ ሰቀልን፣ ልጆቹን ራቅ ወዳለ ቦታ ላክናቸው። ዶሮዎቹን ግን ማን ይልካቸው? የሚስቴ መስመር ሊያልቅ ሲል አንድ አውራ ዶሮ ይጮኻል። ሁላችንም በአፋችን ላይ እጃችንን ይዘን ሳቃችንን ዋጥን፤ እሷ ብቻ ሳትስቅ መስመሩን ጨረሰች።

ያ ካሴት ከአንዱ ወደ ሌላው እየተገለበጠ ሻንቶ ገባ፣ ቢጠና ደረሰ፣ ሃላሌ ድረስ ወረደ። ማንም መጥቶ ያስፈቀደን የለም። እንዲያውም ይህን ያህል ቦታ ደረሰ ሲሉን እንባረክ ነበር። የገለበጠው ሰው ሽፋኑ ላይ በእስክሪብቶ የራሱን አጥቢያ ስም ይጽፍበታል፤ ያንንም የከፋበት ሰው አልነበረም።

ሚስቴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። ጉበቷን ነው አሉ። ሆስፒታል ሦስት ሳምንት ተኛች፤ ከዚያ ወደ ቤት ይዘናት ሄድን። ስለዚያ ብዙ አልጽፍም። ካሴቱን ሳጥን ውስጥ ከትቼ ለዓመታት አላወጣሁትም።

አሁን ስለ ወረቀቱ ልናገር። በእኛ አጥቢያ የወጣቶች ኳየር ውስጥ ያደገ አንድ ዘማሪ ነበር፤ አዲስ አበባ ሄዶ ስም ያወጣ። እሱን ልጅ ሆኖ አውቀዋለሁ፤ ድምፁ ያኔም ጥሩ ነበር። አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ የቤተክርስቲያኑ ሽማግሌዎች በተቀመጡበት ክፍል አስጠራኝ። ሱፍ ለብሷል፤ ተነስቶ ትከሻዬን ሳመኝ።

"ጋሼ፣ የወፍጮዋን መዝሙር በአማርኛ ልዘምራት እፈልጋለሁ።"

"ዘምራት። ይሄ ምን ያስጠይቃል?"

"አሁን እንደ ድሮ አይደለም፣ ጋሼ። ስናስመዘግብ የማን ናት ይሉናል።"

"የጌታ ናት በላቸው።"

"እሱኑ ነው በወረቀት የምፈልገው።"

ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። የሽማግሌዎቹ ጸሐፊ ቃለ ጉባኤ ያዘ። ወንድማችን ይህ መዝሙር የግል ሥራው እንዳልሆነ፣ ከጌታ እንደተቀበለው፣ ማንም ቢዘምረውና ቢጠቀምበት ተቃውሞ እንደሌለው በፊታችን መስክሯል የሚል ነው። ሲነበብልኝ አንድም ውሸት አላገኘሁበትም። እንዲያውም ፊት ወጥቼ ከምናገረው ይልቅ ያማረ ሆኖ አገኘሁት። ስሜን ቀስ ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ሦስት ሽማግሌዎች ፈረሙ። የቤተክርስቲያኑ ማኅተም አረፈበት። ጸልየንለት ሸኘነው።

መዝሙሩ በሲዲ ወጣ። በየባጃጁ ይሰማ ጀመር። ወፍጮው የለም፤ ድንጋዩም ቋቱም ወጥተው "ባዶ ልቤ" የሚል ገብቷል። ለአዲስ አበባ ሰው ወፍጮው አይገባውም ብለው ይሆናል። የሚስቴን መስመር ሦስት ሴቶች አብረው ይሉታል፤ ከኋላቸው ኪቦርድ አለ። ጥሩ ነው የተዘመረው፤ አልዋሽም። ወፍጮው መውጣቱ ትንሽ ቅር አለኝ፤ እሱንም ለማንም አልተናገርኩም።

አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ሻንቶ አስተማሪ ናት። ቅዳሜ በሚኒባስ መጥታ እሑድ አብራኝ አምልካ ትመለሳለች። ካሴቱ በሳጥን ውስጥ እንዳለ ታውቃለች። አንድ ቀን፣ "አባ፣ ክሩ ሳይበጠስ ኢንተርኔት ላይ ላስቀምጠው፤ እዚያ ከተቀመጠ አይጠፋም" አለችኝ። ሰጠኋት። መናኸሪያው አጠገብ ያለ ኢንተርኔት ቤት ወስዳ የወፍጮዋን ጨምሮ ሦስት መዝሙር አስቀዳች። ሦስተኛው እንዳለቀ የኢንተርኔት ቤቱ ሰውዬ ቴፕ ካሴቱን በላው፤ ክሩ እንደ ፈትል ተጎልጉሎ ወጣ። ፍላሽ ላይ የያዘችውን ደግሞ ከጥቂት ወር በኋላ ቫይረስ አጠፋባት። የሰውዬውም ኮምፒውተር ያኔ ከነጭራሹ ተሰርዞ ነበር። እኔ አልተጨነቅኩም። ኢንተርኔት ላይ አለ ተብያለሁ።

በእርግጥም ነበረ። ሦስቱን መዝሙሮች ለማስቀመጥ በከፈተችው ገጽ የእናቷን ፎቶ ከቀበሌ መታወቂያዋ ላይ አንስታ ለጥፋለች። ከደቡብ አፍሪካ ሳይቀር የእኛ አገር ልጆች ከሥሩ ይጽፋሉ። እሑድ ከምሳ በኋላ ስልኳን ትሰጠኛለች፤ እኔ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ እሰማለሁ።

"አባ፣ ደውለህ እየተነጋገርክ አይደለም እኮ። አርቀህ ያዘው፣ ይሰማል።"

"ተይኝ።"

እንደዚያ ነበር የምሰማት። ዶሮው ሲጮህ ዓይኔን እከድናለሁ። ከሁለት ዓመት በላይ እሑዶቼ እንደዚያ አለፉ።

አንድ እሑድ ምሳ በልተን ስልኩን አላወጣችም።

"ተበላሸብሽ?"

"አልተበላሸም።"

"ታዲያ አምጪዋ።"

አወጣች። የእናቷ ፎቶ ባለበት ቦታ ጥቁር ሆኗል፤ በላዩ በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል። ባለመብቱ ስለጠየቀ ተነስቷል ማለት ነው አለችኝ። ባለመብቱ ማን ነው ስላት የዘማሪውን ስም ጠራችልኝ። እኔ ስህተት ነው ብዬ ሳቅሁ። የእኛው ልጅ አይደል?

እሷ በእንግሊዝኛ መልስ ጻፈች፤ ይህ የአባቴና የእናቴ ድምፅ ነው ብላ። ከጥቂት ቀን በኋላ መልሱ መጣ። ወረቀት ተያይዞበታል። ስልኩን አስፍታ አሳየችኝ። ሳየው ወዲያው አወቅሁት። ከታች በኩል ቀስ ብዬ የጻፍኩት ስሜ አለ፤ ፊርማዬ አለ፤ ማኅተሙ አለ።

"አባ፣ ይህን ፈርመሃል?"

"ፈርሜአለሁ።"

"ለምን?"

"እውነት ስለሆነ ነዋ።"

ተነስታ ወደ ዕቃዎቹ ሄደች። ስትናደድ እንደ እናቷ ነው፤ ዕቃ ማጠብ ትጀምራለች።

በሳምንቱ ወደ ዞን ባህል መሥሪያ ቤት ይዛኝ ሄደች። ግቢው ውስጥ ለብሔር ብሔረሰቦች ቀን የሚሄዱ ወጣቶች ባህላዊ ልብሳችንን ዱንጉዛ ለብሰው ጭፈራ ይለማመዳሉ። የተቀበለን ሰው ጎልማሳ ነው፤ ትሑት ነው፤ ወንበር ሰጠኝ። ቃለ ጉባኤውን ሁለት ጊዜ አነበበው።

"አባት፣ ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?"

"የእኔ ነው።"

"አስገድደዎት ነው?"

"የለም። ደስ ብሎኝ ነው።"

"የተጻፈው ውሸት ነው?"

"እውነት ነው።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "እንዲያውስ ከሳሹ ማን ሊሆን ነው? መዝሙሩ የጌታ ከሆነ፣ ከጌታ ውክልና ይዘው ይምጡ።" ከዚያ ደንግጦ፣ "ይቅርታ፣ ለቀልድ ነው" አለ። እኔም ፈገግ አልኩለት። የሚያስቅ ነገር ነበረው።

ልጄ የእናቷን ድምፅ ጉዳይ ነገረችው። አዘነ፤ አይቼዋለሁ። "የአእምሮ ንብረት የሚሉት ነገር ነው" አለን፤ "የሚመዘገበው አዲስ አበባ ነው፤ ቀድሞ ያስመዘገበ ቀድሟል። የባህል ጭፈራ ቢሆን ኖሮ የብሔረሰቡ ቅርስ ነው ብለን በመሥሪያ ቤቱ ስም ደብዳቤ እንጽፍ ነበር። መዝሙር ግን ሃይማኖት ነው። መንግሥትና ሃይማኖት ተለያይተዋል። እጃችንን አናስገባም።"

"ስለዚህ ብንጨፍርበት ይሻል ነበር?" አለችው ልጄ።

"እህቴ፣ ለመሥሪያ ቤቱ አዎ።"

ወጣን። ወጣቶቹ አሁንም ይለማመዳሉ። ከበሮአቸው ደስ ይላል።

ከዚያ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄድኩ። ቃለ ጉባኤውን የያዘው ጸሐፊ አሁን የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ሆኗል። ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፣ ግን ያከብረኛል።

"ወንድማችን፣ ቃለ ጉባኤው ሐሰት ነው እያልከን ነው?"

"አይደለም።"

"እኛስ ሐሰት መስክረናል?"

"አልመሰከራችሁም።"

"ታዲያ ምን እናድርግ?"

"የሚስቴን ድምፅ ነው የምፈልገው።"

እርስ በርሳቸው ተያዩ። ሰብሳቢው ቀስ ብሎ፣ "መዝሙሩ የእኔ ነው ብለህ ካልጻፍክ አይመልሱልህም። የእኔ ነው ካልክ ደግሞ ፊት ወጥተህ የመሰከርከውን ፊት ወጥተህ መሻር አለብህ። ለጊዜውም ከአገልግሎት ታግደህ ትቆያለህ። ሥርዓቱን ታውቀዋለህ" አለኝ።

አውቀዋለሁ። ሥርዓቱ ሌላ ሰው ላይ ሲፈጸም እጄን አውጥቼ ደግፌአለሁ። ጸለዩልኝ፤ አሜን ብዬ ወጣሁ። ቤት እስክደርስ ድረስ የእኔ ነው የሚለውን ቃል በአፌ ሞከርኩት። ወጣልኝ አልልም።

ልጄ ግን አልተወችውም። የዘማሪውን ስልክ አፈላልጋ ደወለችልኝ። ሲሰማኝ ደስ አለው፤ የውሸት አይመስለኝም።

"ጋሼ! እንዴት ነዎት? ደህና ነዎት?"

"ጌታ ይመስገን። ልጄ፣ የሚስቴን መዝሙር አስነሳህብኝ።"

"እኔ አይደለሁም፣ ጋሼ! ሥራዬን የሚያሰራጭልኝ ድርጅት ነው። ማሽን አላቸው፤ ዜማውን ሲሰማ ራሱ ይለየዋል፣ ራሱ ያነሳል። የማን ሚስት እንደዘመረች አያውቅም።"

"እንግዲያው ለማሽኑ ንገርልኝ።"

ሳቀ። "አንድ መንገድ አለ" አለኝ። "መዝሙሩ የእኔ መሆኑን አምነው፣ በእኔ ፈቃድ ዘመርን ብለው ቢጽፉልኝ ይመልሱታል።"

"እኛ የዘመርነው አንተ ልጅ ሳለህ ነው እኮ።"

"አውቃለሁ፣ ጋሼ። ወረቀቱ ግን እንደዚያ ነው የሚለው።"

ሁለት ሳምንት አሰብኩበት። አልጸለይኩበትም፤ መልሱን ስለማውቅ ይሆናል። የእኔ ነው ማለት ውሸት ነው ብዬ ትቻለሁ። የእሱ ነው ማለትም ውሸት ነው። ግን ለራሴ መውሰድ ከበደኝ፣ ለሰው መስጠት ቀለለኝ። ሰባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ አንዱን ውሸት ከሌላው መረጥኩ። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው ዘንድ ተቀምጠን አስጻፍን፤ መዝሙሩ የዘማሪው መሆኑን፣ እኛም በእሱ ፈቃድ እንደዘመርነው አምኜ ፈረምኩ። ልጄ ዓይኗን ወደ መንገዱ መልሳ ቆማ ነበር። ወረቀቱን በስልኳ አንስታ ላከችው።

በዚያው ሰሞን ኢንተርኔት ተዘጋ። አገሩ ስለተረበሸ ነው ተባለ። የሚያውቅ ሰው የለም፤ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይከፈታል እያለ ሳምንታት ሄዱ። ልጄ በመጣች ቁጥር፣ "እስካሁን ነው" ትለኛለች። እኔም እሺ እላለሁ።

ሲከፈት ገጹ ራሱ የለም። የቀሩትን ሁለት መዝሙሮች ደግሞ ሌሎች ሰዎች በስማቸው አስመዝግበው ኖሮ፣ ከእነሱም ክስ መጥቷል። መልስ የሚሰጥበት ቀን ነበረው፤ ኢንተርኔት እንደተዘጋ ቀኑ አልፏል። ሦስት ጊዜ የተከሰሰ ገጽ ከነያዘው ይጠፋል አሉ። ዘማሪውን ደወልንለት። "ጋሼ፣ እኔ እኮ ፈቅጃለሁ፤ ወረቀቱ ደርሶኛል" አለ። እውነቱን ነው። ፈቅዷል። የተፈቀደው ነገር ግን የለም።

ልጄ የቻለችውን ሁሉ አደረገች። ካሴቱ የተገለበጠባቸውን አጥቢያዎች ሁሉ ጠየቀች። ሻንቶ አንድ ሽፋን ተገኘ፣ ውስጡ ሌላ ሰው ተቀድቶበታል። ቢጠና ያለው ካሴት ጣሪያ ሲያፈስ ውኃ ገብቶበት ተጥሏል። ሃላሌ አንዲት እናት ነበረኝ ብላለች፤ ልጇ ይዞት ሄዷል፣ የት እንዳለ አታውቅም። ደቡብ አፍሪካ ላሉትም ጻፈች። ሁሉም፣ ኢንተርኔት ላይ ስለነበረ አልያዝነውም አሉ።

አሁን ወፍጮ ቤቱን ትቻለሁ፤ ጉልበቴ አይችልም። ቤተክርስቲያን መዝሙሩን በአማርኛው ይዘምሩታል፤ ወጣቶቹ ሌላውን አያውቁትም። እኔም እቆምና አብሬ አጨበጭባለሁ። በወላይትኛው ልዘምር ብል ፊት ወጥቼ ምን ብዬ እመሰክራለሁ? የጌታ ነው እንዳልል የዘማሪው ነው ብዬ ፈርሜአለሁ።

የከፋኝ ሌላ ነው። ድምፅዋን ላስታውስ እቀመጣለሁ። መልኳ ይመጣልኛል፣ ጎዳሬውን ስታስቀምጥ እጇ ይመጣልኛል፣ ያለችኝ ቃል ይመጣልኛል። መስመሯ ላይ ስደርስ ግን ኪቦርዱ ይቀድማታል፤ ሦስቱ ሴቶች ገብተው ይዘምራሉ። ዝም በሉ ብላቸው አይሰሙኝም።

ባለፈው እሑድ ምሳ በልተን ልጄን ጠየቅኳት።

"የእናትሽ ድምፅ ቀጭን ነበር አይደል?"

ሳህኖቹን ትሰበስብ ነበር፤ ቆመች።

"ወፍራም ነበር፣ አባ።"

"የለም፣ ቀጭን ነበር።"

"ወፍራም መሰለኝ።" አንዱን ሳህን በሌላው ላይ ደረበችና፣ "እርግጠኛ አይደለሁም" አለች።

እኔም አይደለሁም። የሚዳኘን ነገር የለም። ሳህኖቹን ይዛ ወጣች፤ እኔም ተቀመጥኩ።